የክረምት መግቢያና መውጫ በጎጃም ደጋ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ግንቦት ሲጋመስ አንድ ክርክር ይነሳል፤ ክረምት ዘንድሮ በጊዜው ሊገባ ነው ወይስ ሊዘገይ? መልሱ እንደሚጠየቀው ሰው ይለያያል። ቄሱ ባሕረ ሐሳብ ቆጥረው፣ የሜትሮሎጂ ባለሙያው የመለኪያውን ንባብ ደምሮ፣ ገበሬው ማሳውን በማረሻ ወግቶ ይመልሳል። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥ ጥናት አራተኛ ድምፅ ሆኖ ገብቷል። አራቱ ድምፆች የሚጋጩ የሚመስለን ብዙውን ጊዜ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ስለሚመስለን ነው። ይህ ዳሰሳ እነዚህን እየለየ ወደ አንድ ክርክር ይሄዳል፦ በጎጃም ደጋ የዝናቡ ጉዳይ ሁልጊዜ በመግቢያው በኩል ተይዞ ቆይቷል፤ የአዝመራውን ዕጣ ግን በአብዛኛው የሚወስኑት የክረምቱ ሆድና መውጫው ናቸው፤ የትኛው ቀን እንደሚከብድም አፈሩና ዘሩ ይለዩታል።

የማን ክረምት?

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ወቅት አለው፤ መፀው ከመስከረም 26፣ ሐጋይ ወይም በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ፀደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራል። ይህኛው ክረምት አይዘገይም፤ ሊዘገይም አይችልም። ሰኔ 26 ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢያድር እንኳ ክረምት ገብቷል፤ ዜማውም ምንባቡም ይለወጣል። ሜትሮሎጂው በበኩሉ ዓመቱን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት። እነዚህ ወሮች በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተለኩ ስለሆኑ የባለሙያዎቹ ክረምት የሚብተው በእኛ ግንቦት 24 ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ ወር ያህል ይቀድማል። በጋ የሚለው ቃል ላይማ ልዩነቱ ሦስት ወር ይደርሳል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ዝናቡን ትቶ አጨዳውን ይቆጥራል፤ ከመስከረም እስከ የካቲት የሚሰበሰበው መኸር፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የሚሰበሰበው በልግ ይባላል። ስለዚህ በግንቦት ዝናብ የበቀለ በቆሎ ኅዳር ላይ ስለሚሰበሰብ በመዝገቡ መኸር ነው። በአንድ የወረዳ ግብርና ስብሰባ ላይ እነዚህ ሦስት አቆጣጠሮች ሳይተረጎሙ ሲደባለቁ የሚፈጠረውን ግራ መጋባት መገመት ቀላል ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የተመራማሪዎቹ ትርጉም ነው። በብዛት የሚሠራበት መለኪያ እንዲህ ይላል፤ በሦስት ተከታታይ ቀናት ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ዘንቦ፣ በሚከተሉት 30 ቀናት ውስጥ ደግሞ ከሰባት ወይም ከአሥር ቀን በላይ የቆየ ደረቅ ጊዜ ካልገጠመ ክረምት ገብቷል። ሁለተኛው ክፍል የሐሰት መግቢያን ለመለየት የተጨመረ ነው፤ ዘንቦ አዘርቶ፣ ቡቃያው ብቅ ሲል የሚቆርጠውን ዝናብ ማለት ነው። ትርጉሙ ለጥናት ይበጃል። ለእርሻ ግን አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለበት፦ ቀኑ የሚታወቀው ካለፈ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ገበሬው ዘሩን ሲበትን የሚያስፈልገው ወደ ፊት የሚያይ ቀን ሲሆን ተመራማሪው የሚሰጠው ወደ ኋላ የሚያይ ቀን ነው። ከዚህም ሌላ ሰባቱ ቀን አሥር ቢደረግ ወይም 20 ሚሊ ሜትሩ 25 ቢሆን የአንዱ ጣቢያ መግቢያ በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ሊንሸራተት ይችላል። ሁለት ጥናቶች ስለ አንድ ከተማ የተለያየ ቀን ሲሰጡ ከሰማዩ በፊት መለኪያቸውን ማየት ይገባል።

በዓላትና ወንጌላውያን

መለኪያ ጣሳ ሳይተከል በፊት ጎጃም የእርሻ ቀኑን የሚያስተሳስረው ከበዓላት ጋር ነበር፤ ዛሬም አልተወውም። ሰኔ ሚካኤል፣ ሐምሌ አቦ፣ ፍልሰታ፣ ቡሄ፣ መስቀል የጸሎት ቀኖች ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የሚጀመርባቸው ወይም የሚያልቅባቸው ችካሎች ናቸው። ይህን እንደ አጉል እምነት ማየት ስህተት ነው። በዓል ለማንም በማይጠፋ ቀን ላይ የታሰረ የብዙ ዘመን አማካይ ነው፤ ሰኔ ሚካኤል ላይ ይህ ዘር መሬት ካልገባ ይረፍዳል የሚል ሰው በአሥር ትውልድ የተሰበሰበ መረጃ እየጠቀሰ ነው። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ አማካይ የዘንድሮን አያውቅም። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለው አባባል በደብረ ማርቆስ ቃል በቃል ከተያዘ አይሠራም። ነሐሴ ከሐምሌ ጋር ዝናቡ ጣሪያ የሚደርስበት ወር ነው፤ መስከረምም አይነጥፍም። አባባሉ የሚይዘው የማዘንበያውን ነጥብ ነው፤ ከቡሄ ወዲያ ዝናቡ ሽቅብ አይሄድም።

ከበዓላቱ ጎን ዓመታቱን በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ዘመን ከፍሎ የዝናቡን ጠባይ ከወንጌላዊው ጋር የማያያዝ ልማድ አለ። ይህ ልማድ ከበዓላቱ በተለየ ሊፈተን ይችላል። አገሪቱ ያየቻቸውን የታወቁ የክረምት መክሸፎች በተርታ እናስቀምጥ፦ የ1957 ክረምት ዘመነ ማቴዎስ ነበር፤ የ1964 እና የ1976 ዘመነ ዮሐንስ፣ የ1994 ዘመነ ማርቆስ፣ የ2007 ዘመነ ሉቃስ። አራቱም ወንጌላውያን ድርቅ አይተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የኢትዮጵያን ክረምት ከሚያናውጡት ነገሮች ዋናው ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ሲሆን እሱ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይጠበቅ ይመላለሳል እንጂ በየአራት ዓመቱ ተራ አይጠብቅም።

ዝናቡ የዘገየ የሚመስለው አቆጣጠራችን ከፀሐይ ጋር ስለተፋታ ነው የሚል ሐሳብም አልፎ አልፎ ይሰማል። ሒሳቡ ግን ወደ ተቃራኒው ይወስዳል። የእኛ ዘመን አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ ጳጉሜን ስድስት ስለሚያደርግ በ400 ዓመት ሦስት ቀን ያህል ከፀሐይ ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ሰኔ 12፣ የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ከዛሬው አራት ቀን ያህል ቀድሞ ይውል ነበር ማለት ነው። ሰማዩ ምንም ሳይለወጥ ቢቆይ ኖሮ ዝናቡ ዛሬ ከበዓሉ አንጻር በአራት ቀን የቀደመ ይመስል ነበር እንጂ አይዘገይም። ስለዚህ አቆጣጠሩ ከክሱ ነፃ ነው።

ዝናቡ ከየት ይመጣል?

የጎጃም ክረምት የሚጀምረው ከጎጃም ርቆ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣ የዝናብ ቀበቶው ተከትሏት ይወጣል፤ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ጫካ፣ ከሕንድ ውቅያኖስም እርጥብ አየር ወደ ኢትዮጵያ ከፍታ ይነፍሳል። ዘውዱ ሰገለና ፒተር ላምብ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት ይህን ጉዞ በጣቢያ መረጃ አሳይቷል፤ ክረምት ከደቡብ ምዕራብ ገብቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘልቃል፣ ሲወጣ ደግሞ ከሰሜን ጀምሮ ወደ ደቡብ ይሰበሰባል። ጎጃም ከዚህ ጉዞ ሁለት ጊዜ ታተርፋለች፤ ከወሎና ከትግራይ ቀድማ ታገኛለች፣ ዘግይታ ትሰናበታለች። በላዩ ላይ የጮቄ ተራራ አለ፤ 4,100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚመጣውን ደመና ያስቆማል። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ የምታገኝ ሲሆን ሦስት አራተኛው ያህል በሜትሮሎጂው ክረምት ውስጥ ይወርዳል።

ኤልኒኖ ሲነሳ ይህ ሥርዓት ይላላል፤ ዝናቡ ይዘገያል፣ መሐል መሐሉን ይቆራረጣል፣ ቶሎም ይወጣል። የ1957፣ የ1964፣ የ1994 እና የ2007 ክረምቶች ሁሉም የኤልኒኖ ዓመታት ናቸው። ሆኖም ኤልኒኖን ብቸኛ ተጠያቂ ማድረግ አያዋጣም፤ ከሁሉም የከፋው የ1976 ክረምት ሲከሽፍ ኤልኒኖ አልነበረም። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የቦታው ልዩነት ነው። በ2007 መዘዝ እስከ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥትና አጋሮቹ ሲያውጁ ከፍተኛው ጉዳት በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ድርቅ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከወሎና ከትግራይ ልምድ የተቀዳ ስለሆነ ወደ ጎጃም እንዳለ ሲገለበጥ ሥዕሉን ያዛባል። እዚያ ጥያቄው ዝናቡ ይበቃል ወይ ነው። እዚህ በአብዛኛው ዓመት ዝናቡ ይበቃል፤ አንዳንዴም ይተርፋል።

ገበሬው ተለወጠ ይላል፣ መለኪያው አልተለወጠም ይላል

በክርክሩ መሐል ያለው ጉዳይ ይህ ነው። በአማራ ክልል ገበሬዎችን የሚጠይቅ ጥናት ሁሉ ማለት ይቻላል ተመሳሳይ መልስ ይዞ ይመለሳል፤ ዝናቡ ዘግይቶ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል፣ እንደ ድሮው አይደለም። መለኪያው ግን እንደዚያ አይመሰክርም። ይልማ ስለሺና ኡልሪክ ዛንከ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 2002 ያለውን መረጃ አይተው በመካከለኛው፣ በሰሜኑና በሰሜን ምዕራቡ ኢትዮጵያ በክረምት ዝናብ መጠንም ሆነ በዝናባማ ቀናት ብዛት የጠራ ለውጥ አላገኙም፤ መቀነስ የታየው በምሥራቅ፣ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ነበር። ወልደአምላክ በውቀትና ዴክላን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአማራ ክልልን 12 ጣቢያዎች ሲመረምሩም ጣቢያዎቹ አንድ አቅጣጫ ይዘው አልተገኙም። ኤሊዛቤት መዘ-ሃውስከን ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ2004 በሰሜን ኢትዮጵያ ባወጣችው ጥናት ይህን ልዩነት ፊት ለፊት ወስዳው ነበር፤ የገበሬው ቅሬታ ከጣቢያው መዝገብ ጋር እንደማይገጥም አሳይታ፣ የተለወጠው የዝናብ ፍላጎት ሊሆን እንደሚችል አመለከተች።

ከዚህ ተነስቶ ገበሬው ተሳስቷል ማለት ችኮላ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት አብዛኞቹ ጥናቶች የመዘኑት የወቅቱን ድምር መሆኑ ነው፤ የገበሬው ቅሬታ ስለ ቀኑ ነው። ሁለት ክረምት እኩል 1,000 ሚሊ ሜትር ጥሎ አንዱ ጥጋብ፣ ሌላው ችግር ሊያወርስ ይችላል። ሁለተኛው የጣቢያው ማነስ ነው። ከጮቄ ጫፍ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ከፍታው ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በላይ ስማኔ፣ ቤንጃሚን ዛይቺክና ባልደረቦቻቸው የጮቄን ተፋሰሶች ሲያጠኑ ስድስት የተለያዩ የእርሻ ሥነ ምህዳሮች ለይተዋል። የአንድ ከተማ መለኪያ ስለ ስድስቱም ሊናገር አይችልም። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ተቋም እንደ ቱፋ ዲንቁ ካሉ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን የጣቢያውን ንባብ ከሳተላይት ግምት ጋር ያዋሐደው መረጃ ክፍተቱን አጥብቦታል፤ ነገር ግን ሳተላይቱም የተራራ ዝናብ ላይ ይሰንፋል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይልቅ አሳማኝ ይመስለኛል፤ ገበሬው የሚለካው ዝናቡን ሳይሆን እርጥበቱን ነው። ወልደአምላክ በውቀትና ሄርት ስቴርክ ከጮቄ ወርዶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈውን የጨሞጋን ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ባለው መረጃ ሲያጠኑ በበጋ የሚፈሰው ውሃ መመናመኑን አገኙ፤ የዝናቡ መቀነስ ግን ያን ሊያብራራ አልቻለም። የተለወጠው የመሬቱ ልብስ ነበር። በደምበጫ አካባቢ ገተ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ ያጠኑት መሬት እ.ኤ.አ. በ1957 ከመቶ 27 እጁ የተፈጥሮ ደን ነበር፤ በ1995 ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አልቀረም። የታረሰው መሬት በዚያው ጊዜ ከመቶ 39 ወደ 77 አደገ። ደኑ የሄደበት፣ ቁልቁለቱ የታረሰበት አፈር ያንኑ ዝናብ ይቀበልና አያስቀምጠውም። ዝናቡ መስከረም 20 ቀን የቆመ እንደሆነ ድሮ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሰብሉን ያጠጣ የነበረው እርጥበት አሁን ቀድሞ ያልቃል። ዝናቡ ቶሎ ወጣ የሚለው ገበሬ ስለ ሰማዩ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ማሳው ግን አልተሳሳተም። እንግዲህ መለኪያውና ገበሬው የተጣሉ የመሰሉት አንዱ የሚወርደውን፣ ሌላው የሚቀረውን ስለሚቆጥሩ ነው።

መግቢያው ነው ዋናው ለሚሉ

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። በኢትዮጵያ ጣቢያዎች ላይ በተደጋጋሚ እንደታየው የክረምት መግቢያ ከዓመት ዓመት ብዙ ይዋዥቃል፤ መውጫው በአንጻሩ የረጋ ነው። መውጫው ከረጋ የወቅቱን ርዝመት የሚወስነው መግቢያው ነው፤ ስለዚህ መግቢያውን መከታተል ትክክል ነው ይላሉ። ሒሳቡ እውነት ነው። የሚጎዳው ግን ወቅቱ ከዘሩ ዕድሜ ሲያጥር ብቻ ነው፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። በሐምሌ የሚዘራ፣ በሦስትና በአራት ወር የሚደርስ ጤፍ መግቢያው ሁለት ሳምንት ቢንሸራተት እምብዛም አያስጨንቀውም፤ እንዲያውም የሰኔው ዝናብ ለሱ የእርሻ እንጂ የዘር ዝናብ አይደለም።

የሚያስጨንቀው በቆሎ ነው። ቢኤች 660 የተባለው ድቅል ለመድረስ 160 ቀን ያህል ይፈልጋል። ከደብረ ማርቆስ ዝቅ ብለው ባሉት በደምበጫና በቡሬ አገሮች በቆሎ የገበሬው ዋና ሰብል ሲሆን ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ የሚመጣ ዝናብ የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ግንቦት ደግሞ የበልግ ጅራት ነው፤ ከክረምት ዝናብ ይልቅ የማይታመን። በዚህ ዓይን ሲታይ ወቅቱ አጠረ የሚለው አባባል በከፊል የዘሩ ዕድሜ ረዘመ ማለት ነው። የድቅሉ ምርት ከፍ ያለ ስለሆነ ገበሬው መምረጡ አያስወቅሰውም፤ ነገር ግን የተሻለ ምርት የገዛው ቀኑን በመክፈል መሆኑ ከምክር አገልግሎቱ ንግግር ውስጥ ይጠፋል። ተቃውሞውን እንግዲህ በከፊል መቀበል ይገባል፤ ለበቆሎ አገር መግቢያው ዋና ነው፣ ለጤፍና ለስንዴ አገር አይደለም።

የዋልካ አቆጣጠር

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀንና ወደ ብቸና በሚወስደው ሜዳ ላይ የተንጣለለው ጥቁር ዋልካ ስለ ክረምት መግቢያ የሚደረገውን ወሬ ሁሉ ይገለብጠዋል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ስንጥቁን ሞልተው እስኪዘጉት ድረስ ለዘር አይመችም። ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ውሃ አያሳልፍም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጨቀያል፣ ውሃ ይተኛበታል። በሬ በጉልበቱ ይሰምጣል፣ የስንዴና የባቄላ ሥር ይታፈናል፤ ጤፍ ብቻ ከሌላው በተሻለ ይችለዋል። ስለዚህ የዋልካ ገበሬ የሚጠብቀው የዝናቡን መምጣት ሳይሆን መለስ ማለቱን ነው። ሽምብራና ጓያ ነሐሴ ሲያልቅ ወይም መስከረም ሲጠባ ተዘርተው አፈሩ ባጠራቀመው እርጥበት ያድጋሉ፤ የእነሱ ዕጣ የሚወሰነው መስከረም ላይ በሚጨመር ጥቂት ዝናብና በጥቅምቱ ብርድ ነው። ለእነዚህ ሰብሎች ክረምት ሰኔ 1 ገባ ሰኔ 20 ዜና አይደለም።

የባህላዊው መድኃኒት ፈሰስ ነው፤ ማሳውን በአግድሞሽ ቆርጦ ውሃውን የሚያወጣ ቦይ። ፈሰስ ሰብሉን ያድናል፤ ታች ያለውን ማሳ ግን ይቦረቡራል፣ ጎረቤት ያጣላል፣ አፈር ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ በበሬ የሚሳብ መደብ መሥሪያ አዘጋጀ፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻር ቢቢኤም ይሉታል። ሐሳቡ ማሳውን ሰፋ ባለ መደብ ከፍሎ ውሃውን በቦይ ማስወገድና ስንዴውን ከነሐሴ መጨረሻ ወደ ሐምሌ መጀመሪያ ማምጣት ነው። መሣሪያው የክረምቱን ቀን ሳይነካ የገበሬውን ክረምት በሁለት ወር ያህል አረዘመው ማለት ይቻላል። የወቅት ጉዳይ የሰማይ ብቻ ላለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። መሣሪያው ከባድ ነው፣ ለደካማ በሬ አይሆንም የሚለው ወቀሳ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም።

በጮቄ ወገብ ላይ ሌላ ሒሳብ አለ። እዚያ ብዙ ዝናብ ለብዙ ዘመን አፈሩን አጥቦ አኮምጥጦታል፤ ገብስ እያቃተው እንግዶ የሚባለው አጃ ቦታውን ወስዷል። ዘር የዘገየ እንደሆነ ደግሞ የሚያገኘው ድርቀት ሳይሆን ውርጭ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ ቶሎ ዝራ ሲባል ታች ካለው በተለየ ምክንያት ነው።

የጠገበ ክረምት መዘዝ

በዚህ አካባቢ የወቅት ጉዳት ሲባል ወዲያው ድርቅ መታሰቡ ሌላ ትልቅ ክፍተት ፈጥሯል። የ2002 ክረምት የኤልኒኖ ተቃራኒ የሆነው የላኒና ክረምት ነበር፤ ዝናቡ መልካም፣ እርጥበቱም ረጅም። በዚያው የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአገሪቱ የስንዴ ማሳ ላይ ተነሳ፤ ኩብሳን የመሰሉ ተወዳጅ ዝርያዎች ተሸነፉ። በ1990 ጥቅምትና ኅዳር የታጨደና ሊታጨድ የደረሰ ሰብል ላይ የወረደው ዝናብ ብዙ አዝመራ አበላሸ፤ ያ ዓመት የኤልኒኖ ዓመት ነበር፣ ክረምቱን አሳንሶ መኸሩን ያረጠበ። በ2012 መኸርም የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልክ በላይ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ተጥለቀለቀ። ክምር ላይ የወረደ ዝናብ ነጩን ጤፍ ያጠቁረዋል፣ ያበቅለዋል፤ ማኛው በገበያ ሠርገኛ ይሆናል። ይህ ጉዳት ከዝናብ ድምር ላይ እንደ ትርፍ ይታያል። የዝናቡን መውጫ አንድ ቀን አድርጎ የሚመዘግብ ጥናትም አያየውም፤ ክረምቱ መስከረም ላይ ወጥቷል ብሎ መዝገቡን ዘግቷልና።

ዝናቡ ደርሶ ሰው ሲዘገይ

በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ባለው ጊዜ፣ ድርቁ ብቻውን ያን ያህል ሕዝብ አልፈጀም። ከምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶት ስለነበር ዝናብ ቢመጣም የሚያርስ አልነበረም። የእርሻ ወቅት ዝናብ፣ በሬ፣ ዘርና እጅ በአንድ ሳምንት የሚገናኙበት ቀጠሮ ነው፤ ከአራቱ አንዱ ከቀረ ቀጠሮው ይፈርሳል። በሬ የሌለው ገበሬ በሬ ካለው ጋር ሲቀናጅ ወይም መሬቱን ለእኩል ሲሰጥ ተራው መጨረሻ ነው፤ በእሱ ማሳ ላይ ክረምት ሁልጊዜ ዘግይቶ ይገባል።

በዘመናችን አምስተኛ እንግዳ ተጨምሯል፤ ማዳበሪያ። በ2015 በአማራ ክልል የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን አደባባይ ሲያወጣው ሰማዩ ላይ የተለየ ነገር አልነበረም። ዩሪያው ሐምሌ ሲጋመስ ቢደርስ የበቆሎው ጊዜ አልፏል፣ ዋልካውም ውሃ ተኝቶበታል፤ የተበተነው ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። ምርት ቀነሰ የሚለው ሪፖርት በማግስቱ ሲጻፍ ምክንያቱ የዝናብ መዛባት ተብሎ መመዝገቡ የተለመደ ነው። ይህን የምለው የአየር ንብረት ለውጥን ለማቃለል አይደለም፤ የሌላውን ጥፋት ሁሉ ለደመና መስጠት የደመናውን ድርሻ በትክክል እንዳናውቅ ስለሚያደርግ ነው።

ትንበያውና መጪው ጊዜ

የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ይናገራል። ድሪባ ቆሬቻና አስጌር ሶርተበርግ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2011 የወጡትን ሲመዝኑ ብቃቱ ደካማ ቢሆንም ከግምት የተሻለ መሆኑን አገኙ። ለጎጃም ግን ችግሩ ከብቃቱ በፊት ይጀምራል፤ ትንበያው የሚመልሰው የመጠንን ጥያቄ ነው። መደበኛ ዝናብ በሚጠበቅበት አገር መደበኛ ይሆናል የሚል ዜና ለመዝራት አይረዳም። የዋልካው ገበሬ የሚጠይቀው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስንት ደረቅ ቀን እንደሚያገኝ፣ የጤፍ አጫጁም የጥቅምት ሰማይ እንዴት እንደሆነ ነው። የአሥር ቀን ትንበያ እዚህ ላይ ከወቅቱ ትንበያ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ኤልኒኖና የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀትም የመኸሩን ዝናብ ለማስጠንቀቅ አንድ ወር የሚሆን ፋታ ሊሰጡ ይችላሉ።

ስለ መጪዎቹ ዘመናት የአየር ንብረት ሞዴሎች በሙቀቱ መጨመር ይስማማሉ፤ በክረምቱ ዝናብ ላይ ግን ይጨምራል በሚሉና ይቀንሳል በሚሉ ተከፍለዋል። በቀኑ ላይ የቀረበ አንድ ሐሳብ አለ፤ ሰሐራ በፍጥነት ከሞቀ የዝናብ ቀበቶውን ወደ ሰሜን ይዞ ሊያቆየው፣ መመለሻውንም ሊያዘገየው ይችላል የሚል። እንዲህ ከሆነ ለወሎ ገበሬ ማሽላውን የሚያደርስ በረከት ይሆናል። ጎጃም ላይ ያው ዝናብ በሁለት ማሳ ሁለት ነገር ነው፤ መስከረም ላይ ለተዘራው ሽምብራ እርጥበት ይጨምርለታል፣ ጎኑ ያለውን የደረሰ ጤፍ ግን ያስተኛዋል። ሙቀቱም በበኩሉ ሰብሉን ፈጥኖ ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ድሮ ጥቅምት መጨረሻ ይታጨድ የነበረው ዝናቡ ገና ሳይወጣ መድረስ ሊጀምር ይችላል። የዘር አዳቃዮቹ እስካሁን ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ሲፈልጉ የኖሩት ቶሎ የሚወጣን ዝናብ በማሰብ ነበር፤ ዝናቡ ዘግይቶ የሚወጣ ከሆነ ከደጀን እስከ ጮቄ ግርጌ ላለው ማሳ የሚፈለገው ጤፍ በእርጥብ መስከረም የማይተኛ ጤፍ ነው።